ከምዕራቡ ግንብ የወደቀው እንግዳ

ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም ከአሮጌው ምሽግ ግርጌ፣ ደረቁ ቦይ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። አንድ ጫማው ወልቋል። የደረት ኪሱ ውስጥ የጉብኝት ካርታ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያያቸውን ቦታዎች በእርሳስ አክብቦባቸዋል። የድሮው ገበያ፣ ቤተ መዘክሩ፣ የድንጋዩ ድልድይ። ምሽጉን ገና አላከበበውም ነበር።

ምርመራውን የያዘችው ሴት ኃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ እርጋታዋ ሰው የሚያስጨንቅ ነበረች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ቆይ አንዴ» ይሏታል፤ ከአፏ የማይጠፋ ቃል ነው። እናቷ ከሟቹ አገር ስለነበሩ የአገሩን ቋንቋ ያለ አስተርጓሚ ትናገራለች።

«አደጋ ነው እመቤቴ» አላት የምሽጉ ዘበኛ። «ግንቡ እዚህ ጋ ጥገና ላይ ነው። አጥር አለ፣ ማስጠንቀቂያ አለ። እንግዳ ግን መቼ ያነባል?»

«ቆይ አንዴ። አጥሩን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም። እንዳለ ነው።»

ደረጃውን ወጥታ አየችው። የእንጨቱ አጥር በቦታው ቆሟል። «ማለፍ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ግን ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሯል።

«ይህን ማን እንዲያነበው ነው? አሞራ?»

ዘበኛው አፉን ያዘ። «ጠዋት በእጄ ሳቆመው ወደ መተላለፊያው ነበር የሚያየው።»

«የወደቀ ሰው ተመልሶ አጥር አይዘጋም» አለች መርማሪዋ።

ሟቹ የመጣው ከሚስቱና ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር። ከተማዋን የሚያስጎበኛቸው አንድ የአገራቸው ሰው ነው። ከአስር ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ የግማሽ ሰዓት ዕረፍት ሰጥቷቸው ተበታተኑ፤ የአስር ሰዓቱ ደወል እንደተደወለ የምሽጉ አትክልተኛ ሬሳውን አይቶ ጮኸ።

ሚስትየውን ግቢው ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። የባላቸውን ኮፍያ ጭናቸው ላይ አድርገው ያሻሹታል።

«ዕድሜውን ሙሉ ጥጃ ሲያዋልድ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ 'አንቺን ይዤ አንድ አገር ሳላይ አልሞትም' አለኝ። ይኸው፣ አየ።»

«በዕረፍቱ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ደክሞኝ ተቀመጥኩ። አስጎብኚው የሚናገርበትን ማዳመጫ ከጆሮዬ አላወጣሁትም ነበር። ዝም ብሎ ቆየና የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ ደወሉ ጆሮዬን ሊበጥሰው! መንጭቄ ጣልኩት።»

«ቆይ አንዴ። ሌላኛው ጆሮዎስ?»

«ሌላኛው ምን ይሆናል?» አሉና አሰቡ። «እሱማ ደህና ነበር።»

ታላቅ ወንድምየው ሻይ ቤት ውስጥ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ከአውሮፕላን ሲወርድ ብርድ መትቶት ድምፁ ተዘግቷል። ከሻይ ቤቱ እንዳልተነሳ አስተናጋጇ መስክራለች።

«ወንድሜ ጠላት የለውም» አለ በሹክሹክታ። «ዝንብ እንኳ በዓይኑ ላይ እንዳረፈች የሚተዋት ሰው ነው።»

«እርስዎስ ሥራዎ ምን ነበር?»

«የመንግሥት ሠራተኛ። ቢሮ።»

«ምን ቢሮ?»

ሳል ያዘው። ሳሉ ረጅም ነበር።

አስጎብኚው በዚህ ከተማ መኖር ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ኮሌታው ላይ ትንሽዬ ማይክ ተሰክታለች። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጥፍር የላቸውም።

«ምን ነካዎት?»

«በር ቀረጠፈኝ።»

«ሁለቱንም?»

«ክፉ በር ነበር።»

«ደወሉ ሲደወል የት ነበሩ?»

«ትኬት ቢሮ፣ ውስጥ። ማይኬንም አጥፍቼ ነበር።»

«ሟቹ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

አስጎብኚው ኮሌታውን አስተካከለ። «ሳቂታ። በየደረስንበት 'ቀኑ ረጅም ነው፤ ምን ያስቸኩለናል?' ይላል። ሌላ የማውቀው የለም።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደወሉን ጠበቀች። ድምፁ ማንኪያ ብርጭቆ እንደነካ ያህል ነበር። በሚቀጥለው ሰዓት ትኬት ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ምንም አልሰማችም። በሦስተኛው ምዕራቡ ግንብ ላይ፣ አጥሩ አጠገብ ቆመች። ደወሉ ከራሷ በላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ጥርሷን አንቀጫቀጨው።

ወርዳ ሚስትየውን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። «'ቀኑ ረጅም ነው' የሚለው አባባል የማን ነው?»

«የአባታቸው ናት። ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ ደንበኛ ሲያጣድፋቸው የሚሉት ነው። ሁለቱም ልጆች ወረሷት። ድምፃቸውም አንድ ነው እኮ። ስልክ ሲደወል ስንቴ ወንድሙን ባሌ መስሎኝ አዋርቼዋለሁ!»

መርማሪዋ የአስጎብኚው ጣቶችና የወንድምየው ሳል ትዝ አሏት። ከዚያ ወደ ከተማው ዐቃቤ ሕግ ደውላ ለረጅም ጊዜ አነጋገረችው። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ከሰል መስሎ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም በምሽጉ ጽሕፈት ቤት ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው ሻርፑን ፈትቷል።

«መጀመሪያ አጥሩ» አለች። «ሐኪሙ ከወደቀ በኋላ ሰው መልሶ ዘግቶታል፤ ተጣድፎ ስለነበር ጽሑፉን አዞረው። ስለዚህ አደጋ አይደለም። ሁለተኛ ደወሉ። ግቢ ለተቀመጠ ሰው ቀስ ያለ ድምፅ ነው። እኚህ ሴት ግን በማዳመጫው በኩል ሲጮህባቸው፣ በባዶው ጆሯቸው በኩል ደህና ነበር። ስለዚህ ጩኸቱ የመጣው ከማይኩ ነው። ማይኩ ደግሞ ያን ጊዜ ምዕራቡ ግንብ ላይ፣ ደወሉ ሥር ነበር። ባለቤቱ አጥፍቶት ነበር፤ ሐኪሙን ሲገፋ ግን ክንዱ የማይኩን ማብሪያ ነካው።»

ሁሉም ወደ አስጎብኚው ዞሩ።

«ዕቃው አሮጌ ነው፣ አንዳንዴ ያንባርቃል» አለ። «ለመሆኑ የማላውቀውን ሰው ለምን እገድላለሁ?»

«ልክ ነዎት። አያውቁትም ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ፣ የየትኛው ቢሮ ሠራተኛ ነበሩ? ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ሪፖርቱ ይጠበቃል።»

ወንድምየው ፈገግ አለ። ድምፁ ተከፍቶ ጥርት ብሎ ወጣ። «ቀኑ ረጅም ነው፤ ምን ያስቸኩለናል?»

አስጎብኚው ዓይኑን ጨፈነ።

«ድገመው» አለ።

«አቤት?»

«ድገመው አልኩህ!»

አስጎብኚው ዓይኑን ሳይገልጥ መናገር ጀመረ። «በአገሬ እስር ቤት ሰባት ወር ዓይኔ ታስሮ ነው የተመረመርኩት። ፊቱን አላውቀውም። ጣቴን ከመያዙ በፊት ይቺን ቃል ይላታል። ትናንት መኪና ውስጥ ከጀርባዬ ስሰማት ሾፌሩ መኪናውን ቢገለብጠው ብዬ ተመኘሁ። ግንቡ ላይ ወስጄ 'ታስታውሰኛለህ?' አልኩት። ሳቀ። 'የት ተገናኘን? ንገረኛ፣ ቀኑ ረጅም ነው' አለኝ። ከዚያ በኋላ እጄ የኔ አልነበረም።» ዓይኑን ገልጦ ሚስትየውን አየ። «እሱ አልነበረም?»

«እሱ የላም ሐኪም ነበር» አሉ ሚስትየው፤ ድምፃቸው ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ነበር። «የላም ሐኪም።»

ሁለት ፖሊሶች አስጎብኚውን ደግፈው ሲያስወጡት እግሩ ወለሉን ይጠርግ ነበር።

ሚስትየው ወደ ባላቸው ወንድም ዞሩ። «ቢሮ ነው የምሠራው ትለን አልነበር?»

«ሥራው ቢሮም ነበረው» አለ። ቀጥሎ መርማሪዋን ተመለከተ። «እኔም እንደ እርስዎ መርማሪ ነበርኩ። ትእዛዝ እንደሆነ ይገባዎታል።»

መርማሪዋ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እሱስ?» አሉ ሚስትየው። «እሱን አትይዢውም?»

«አልችልም እህቴ። ያደረገውን እዚህ አገር አላደረገውም። በአገራችሁ ደግሞ ምሕረት ተብሎ ፋይሉ ተዘግቷል። ጠዋት የቀድሞ ሥራውን ከዐቃቤ ሕጉ ሳጣራ እንዲያስረው ለምኜዋለሁ። እዚህ ያጠፋው ጥፋት አንድም የለም፤ ሻይ ጠጥቷል፣ ያ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አወቅሽው? ባታውቂው አይሻልም ነበር?»

የመርማሪዋ ሥራ ዕድሜዋን ሙሉ እውነቱ ሲወጣ ያልቅ ነበር።

ጸሐፊዋ ሬሳውን ለማስረከብ የሚሞላውን ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሁለት የቤተሰብ አባላት ፊርማ ይጠይቃል። በዚያ ከተማ ውስጥ ሟቹ ያለው ዘመድ ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ወንድምየው ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳይቸኩል፣ በሚያምር ጽሕፈት ፈረመ። ከዚያ ብዕሩን ወደ ሚስትየው ዘረጋ። እጃቸው ተነስቶ አየር ላይ ቀረ።

መርማሪዋ የራሷን ብዕር ከኪሷ መዝዛ ቀድማ እጃቸው ውስጥ አስገባችላቸው። ልታደርግላቸው የቻለችው ይህን ብቻ ነበር።