ሱንዱስ አትምጪ ተባለች

«መጮህ በስፓኒሽ ግሪታር ነው። እስቲ አትጩኺ ብለሽ ከልክይኝ» አለች የፈሂማ አክስት አሲያ፣ የአሳውን ቅርፊት እየፋቀች።

መልሱ ፈሂማ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። «ኖ ግሪቴስ» አለች ጓደኛዋ ሱንዱስ ቀድማ።

አሲያ ስፓኒሽ የለቀመችው ዱባይ ነው፤ ስድስት ዓመት የአንድ የስፔን ቤተሰብ ልጆች ስታሳድግ። ሞግዚት ስትከለክል ነው የምትውለው፣ ክልከላ ላይ የሚያህላት የለም። ደንቡንም በቀላሉ ነው ያስያዘቻቸው። ግሱ በ«አር» ካለቀ ስትከለክዪ «ኤስ» ትያለሽ፤ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ካለቀ «አስ»። ከፊቱ «ኖ» አይቀርም። መብላት ኮሜር፣ አትብላ ኖ ኮማስ። መክፈት አብሪር፣ አትክፈት ኖ አብራስ።

ቅዳሜ የስፔን እንግዶች ከነልጆቻቸው ሐይቅ ከተማ መጥተው ሐይቁን በጀልባ ሊያዩ ነው። አስተርጓሚ ሆና የምትሄደው አሲያ ናት፤ ልጆቹን የምትጠብቅላት አንዲት ልጅ ደግሞ ትፈልጋለች።

«ሱንዱስን እወስዳለሁ፣ ፈጠን ትላለች» አለች። «አንቺ ሌላ ጊዜ፣ እሺ የኔ እናት?»

ፈሂማ እሺ አለች። ግን ከፋት። ነገሩ የጀልባ ብቻ አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ አሲያ ከዱባይ ስትደውል ስልኩን ከእናቷ እጅ የምትነጥቀው፣ «መቼ ነው የምትመጪው?» እያለች የምታለቅሰው እሷ ነበረች። ሱንዱስ አንድ ቀን እንኳ አልጠበቀቻትም። ቀናች፤ እንቅልፍ እስኪነሳት ቀናች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ሱንዱስን ያዘቻት። «አክስቴ ተቀይማሻለች። ሁለተኛ አትምጪ ብላለች።»

«ምን አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ደግሞ ሄደሽ እንዳትጠይቂያት፣ ይብስባታል። በቃ፣ አታካብጂው።»

ለአክስቷ ደግሞ ሱንዱስ ቅዳሜ አይመቻትም አለቻት። አሲያ ትንሽ አዘነችና «እንግዲያው አንቺ ነሻ» አለች። ፈሂማ ያን ቀን ደስ ብሏት አመሸች።

አርብ ከጁምዓ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የሱንዱስ እናት እትዬ ዙሌይካ ናቸው፤ ሻሻቸውን አሳምረው አስረው፣ ማንጎ በፌስታል ይዘው። ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ፈሂማን ሲያዩ ግንባሯን ሳሟት፣ አሲያን ሲያዩ ግን ሳይቀመጡ ጎንበስ አሉ።

«አሲያዬ፣ ለልጄ አውፍ በይልኝ፣ ይቅር በያት። በምን እንዳስቀየመችሽ አላወቀችም፣ እኔም አልጠይቅሽም። ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰችም።»

አሲያ ግራ ገባት። ነገር ግን እናት አውፍ ልታስብል ደጅ ድረስ ስትመጣ ጥፋቱ ምንድን ነው ተብሎ አይመረመርም፤ ነውር ነው። በሐይቅ ሰው ወግ አውፍ ይባልላታል፣ ይቀመጣል፣ ማንጎው ይበላል፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል።

ፈሂማ ይህን ታውቃለች። አክስቷ አንድ ቃል ካወጣች አለቀ፤ ውሸቷን ማንም ሳያውቅባት ነገ ከሱንዱስ ጋር አብረው ይስቃሉ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሱንዱስ ግን ምንም ሳታጠፋ ይቅር የተባለች ልጅ ሆና ትቀራለች።

አሲያ የእትዬ ዙሌይካን እጅ ያዘች። «ኧረ ቀና በይ ዙሌይካዬ፣ እኔ...»

«አክስቴ፣ አውፍ አትበይ» አለች ፈሂማ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«ሱንዱስ ምንም አላጠፋችም። አትምጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ቀንቼባት ነው።»

እትዬ ዙሌይካ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። አክስቷ ፊት ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ሐዘን ፈሂማ ለይታ ለማወቅ አልደፈረችም።

ጫማዋን አጠለቀችና ወደ እነ ሱንዱስ ቤት የሚወስደውን አቀበት ብቻዋን ተያያዘችው።