ከሚሚ የደበቅነው መርዶ

የሞተ ሰው ተናገረ ሲባል ስሰማ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ አሁንም አምናለሁ አልላችሁም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። ደርግ ከወደቀ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ መካኒሳ አቦ ነው የምንኖረው፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምት ላይ ያሳደጉን አያታችን፣ አባባ፣ ሞቱ። እህቴ ሚሚ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ከጉያቸው አትጠፋም፣ ከቤታችን አባባን «አንተ» የምትላቸው እሷ ብቻ ነበረች። ልጅ አይደንግጥ ተብሎ ለቅሶው እስኪያልፍ ፉሪ አክስታችን ጋ ተላከች፣ ድንኳኑ ፈርሶ ስትመለስም ጸበል ሄደዋል አልናት።

አንድ ቀን አስራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ እናቴ ለአርባቸው የሚሆን እህል ልታስፈጭ ወጥታ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ፣ ያኔ ከአጥሩ ውጪ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሰማሁ። አባባ ወደ ቤት ሲገቡ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት፣ ሁለቴ፣ አጠር አድርገው። እመኑኝ፣ ሁለቴ ነው የሰማሁት። ጎረቤት ይሆናል ብዬ የግቢውን በር ከፈትኩ፣ ማንም የለም፣ ጭቃው ላይ ዱካ እንኳን የለም።

ስመለስ ሚሚ አባባ ክፍል ገብታ፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ታወራለች። ከማን ጋር ነው አልኳት።

«ከአባባ ጋ። ለምን አላለቀሽልኝም ይለኛል» አለች፣ ዞር ሳትል።

እሷ ባለችበት ስለ ሞት ያነሳ ሰው አልነበረም፣ እንዴት አወቀች? ከግድግዳው ወዲያ ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ በትልልቅ ሰዎች ነው፣ ይህን አውቃለሁ፣ ግን... ድምፁ ይዟት የሚሄድ መሰለኝ። እቅፍ አደረግኳት።

«ሚሚዬ፣ አባባ ሞተዋል። አልቅሽላቸው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ደረቷን እየመታች አለቀሰች፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅም ጠፋ።

እናቴ መጥታ ማን ንገራት አለህ ብላ ተቆጣችኝ፣ ወዲያው ራሷም አለቀሰች። ማታ ሚሚ ደክሟት ጭኔ ላይ ተጋድማለች፣ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል፣ «ጋሼ፣ አባባ እኮ ያላለቀሰልኝ ሁለት ሰው ቀረኝ ነው ያለው» አለችኝ።

በቀብሩ ቀን አጎቴ ወንድ ነህ፣ እናትህን አጽና ብሎኝ፣ ወንበር ሳመላልስ፣ ውሃ ሳቀርብ ዋልኩ እንጂ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን አስራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ብቻዬን ስሆን ላለቅስ እሞክራለሁ፣ አባባን እወዳቸዋለሁ፣ ይናፍቁኛል፣ እንባው ግን እምቢ ብሏል።