አርባ ሰባተኛው ብልቃጥ

ተመራማሪዋ የተገኘችው አልጌ በሚራባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር በግንባሯ ተደፍታ ነው። የቀኝ እጇ ጥፍሮች ተሰባብረዋል። ከሬሳዋ በላይ ማወዛወዣው ስድሳ ብልቃጦችን ምንም እንዳልተፈጠረ እያወዛወዘ ነው። በየብልቃጡ ያለው ከሐይቁ የተለቀመ አልጌ ነው፤ ለነዳጅ የሚሆን ዘይት የሚሰጠውን መለየት የሟቿ ሥራ ነበር።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብልቃጦቹን አየቻቸው። ውሃው ከላይ እስከ ታች እኩል አረንጓዴ ነው።

«የነካችሁት ነገር አለ?»

«ምንም» አሉ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ዓይናቸው ደም መስሎ። ሟቿን ከተማሪነቷ ጀምረው ለዚህ ያበቋት እሳቸው ናቸው። «በምሳ ሰዓት መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። የአየር ማስወጫው ሲቆም ለአልጌው የምንለቀው ጋዝ አፈናት። ልጄን በላብኝ!»

ባሏ የግቢው ሾፌር ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ። በሥራዋ ላይ ያገኘችው ነገር ነበር። ‹ተይው፣ ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ› አልኳት። ‹መጀመሪያ ጋሼን ላናግራቸው› አለችኝ፤ ኃላፊውን ማለቷ ነው።»

«በምሳ ሰዓትስ የት ነበርክ?»

«መኪናው ውስጥ። መስኮት ዘግቼ፣ አኩርፌ።»

ሦስተኛዋ ከኋላ ባለው ቤት ዕቃ ሲያጥቡ የነበሩት አሮጊት ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ ብልቃጥ» ይላቸዋል።

«ልጅቷ አርባ ሰባተኛውን ሦስቴ ደጋግማ መረመረችው፤ ዕቃውን ያጠብኩላት እኔ ነኝ» አሉ። «የጋሼ ስም የገነነበት አልጌ ነው። ዘይት የሚባል ነገር ጠብ አይለውም! ጋሼ ድሮ ከሱ አወጣሁት ያሉትን የዘይት ናሙና ስትመረምረው ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ የምግብ ዘይት ሆኖ አገኘችው።»

«ማወዛወዣው ሲቆም አልጌው ምን ይሆናል፣ እትዬ?»

«እንደ ዱቄት ይዘቅጣላ። መብራት ቢመጣም ማሽኑ በራሱ አይነሳም፤ ሰው ቁልፉን ካልተጫነው ፍንክች አይልም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ከጋዙ ሲሊንደር አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ማወዛወዣው ቆሞ፣ አልጌው ዘቅጦ አገኘው ነበር። የነካውም ሰው የለም። ስለዚህ መብራት አልጠፋም፤ የጠፋው የአየር ማስወጫው ብቻ ነው። ማጥፊያው እዚህ ውጭ ነው። የጋዙ መክፈቻም ውጭ ነው። የበሩ መቀርቀሪያም እንደዚያው። ጥፍሯ የተሰበረው ተቀርቅሮባት ነው። መብራት ጠፋ ብሎ የነገረኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ሃያ ዓመት ሐይቅ ለሐይቅ ተንከራተትኩ» አሉ በመጨረሻ። «እውነተኛው አልጌ እስኪገኝ ብዬ ነው የሱቁን ዘይት ናሙናው ላይ ጠብ ያደረግኩት። አልተገኘም። ነገ ልትናገር ነበር።»

«በሩን ስትደበድብ ሰምተዋታል?» አለ ባሏ።

ኃላፊው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ምን አለች?»

ኃላፊው ወለሉን እያዩ መለሱ። «‹ጋሼ፣ ተቆልፎብኛል፣ ድረሱልኝ› አለች። ማን እንደቆለፈባት አላወቀችም።»

ባሏ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። መኪናው ከቆመበት እስከዚያ በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።