ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ

መኪናዋ «እንደምን አደሩ፣ ሲስተር ዘቢደር» ካለች በኋላ የሴትየዋን ክብደት፣ የልብ ምትና የቀኝ ጉልበት ሕመም ለክታ ወንበሩን በልክ አስተካከለችላት። ዘቢደር በዚህ አልተገረመችም። የድሬዳዋ ሰው በገዛ እጁ መኪና መንዳት ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከወንበር ጋር ሰላም መባባል ለምዷል። የገረማት ፊት ለፊቷ የተተከለው ክብ መሪ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው?» አለች።

«ለሕጉ ነው፣ ሲስተር» አላት ከጎኗ የተቀመጠው የመኪናው ድርጅት መሐንዲስ፣ ፈትሒ። «አዲስ መኪና ሲሞከር ሰው መሪ መያዝ አለበት ይላል። እጅዎን ጣል ብቻ ያድርጉበት። የምትነዳው ልቦናዋ ናት።»

ልቦና የሚሉት በመኪናዋ ሆድ ውስጥ ያለውን ነጂ አእምሮ ነው። መኪናዋ ራሷ ርግብ ትባላለች፤ ገና ገበያ አልወጣችም። ድርጅቱ ከአንድ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ፣ ርግብን ከድሬዳዋ እስከ ሐረር በር ሞክሮ አስተያየቱን ለሚሰጥ ሰው ሁሉ የአየር ማይል እሰጣለሁ ብሎ ነበር። የአየር ማይል ሲጠራቀም በአውሮፕላን ትኬት የሚለወጥ ነጥብ ነው። የዚህ ሙከራ ማይል ብቻውን ለደርሶ መልስ ይበቃል። ደንቡ አጭር ነው፦ ሞካሪው በመንገድ ላይ በራሱ ፈቃድ ካቆመ ወይም ከወረደ ሙከራው ይሰረዛል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ያ ሐሙስ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነበር።

ዘቢደር ማይሉን አጥብቃ ትፈልገው ነበር። አንድያ ልጇ ኤፍራታ ሉሳካ ውስጥ የውኃ ኃይል መሐንዲስ ናት፤ ልትወልድ አሥር ቀን ቀርቷታል። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ግን አጥሚት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ በዚያ አገር የለም። ዘቢደር አዳማ ሆስፒታል በኩላሊት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ሆና ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ወደ ተወለደችበት ድሬ ተመልሳለች። የጡረታዋ ገንዘብ ሉሳካ አያደርስም። የሰው ልጅ ሁሉ ሲታመም አጠገቡ ቆማ የኖረች ሴት የገዛ ልጇን ሳታርስ ልትቀር ነው ብላ ስታስብ እንቅልፍ ያጣችባቸው ቀናት ነበሩ።

ርግብ ከከተማው ወጥታ ወደ ደንገጎ አቀበት ታጠፈች። ጠመዝማዛውን መንገድ በለስላሳው ስለያዘችው ዘቢደር ሻይ ብትይዝ ኖሮ አይፈስባትም ነበር።

«እንዴት ነው አነዳዷ?» አለ ፈትሒ የሚጽፍበትን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ እያዘጋጀ።

«አቦ፣ ከምኔው አወቀችው መንገዱን!»

«ከሹፌሮች ነው። ድሮ ሚኒባስ ሲነዱ የነበሩ መቶ ሰዎች መኪና ላይ መቅጃ ሳጥን ተገጥሞ ነበር። የኛ መኪኖች መንገዱን ከነሱ ነው የተማሩት።»

አቀበቱ ሊያልቅ አንድ ኩርባ ሲቀር ርግብ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከአስፋልቱ ወጣ ብላ ከአንዲት የሎሚ ዛፍ ፊት ለፊት ቆመች። የኋላው ቀኝ በር ተከፈተ። ማንም አልነበረም። ነፋስ ገባ፤ በሩ ክፍቱን ቆየ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተዘጋ፤ መኪናዋም ተነሣች።

ፈትሒ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይቅርታ፣ ሲስተር። እርስዎ ስላላቆሙ ማይልዎን አይነካም። ጉድለቷ ይሄ ነው። አንዳንዴ ታቆማለች፣ አንዳንዴ እንደ ንፋስ ታልፋለች። አራት ወር ፈልገን ምክንያቱን አላገኘነውም። የዛሬ ሞካሪ ‹ጉድለት አለባት› ብሎ ከፈረመ ነገ ልቦናዋ ተደምስሶ በሌላ ይተካል።»

ዘቢደር ግን በግማሽ ጆሮዋ ብቻ ነው የሰማችው። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ያለውን አነዳድ ነበር የምታዳምጠው። ርግብ ከቅድሙም ይልቅ ተጠንቅቃለች። እያንዳንዷን ጉድጓድ ትሸሻለች፤ ኩርባውን በሰፊው ትዞራለች፤ ፍሬን የምትይዘው ቀድማ፣ በቀስታ ነው። ሕመምተኛ የጫነ ሰው ነው እንዲህ የሚነዳው።

«የምታቆመው በየትኞቹ ቀናት ነው?» አለች።

«ቀን?» ፈትሒ ግራ ተጋባ። «የአየሩን ሙቀት፣ የመንገዱን እርጥበት፣ የባትሪውን ሁኔታ አይተናል። ቀኑን…» ሰሌዳውን ነካካ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ። 

«ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ» አለች ዘቢደር።

«እንዴት አወቁ?»

«የኩላሊት እጥበት ቀን ነው፣ ልጄ። ኩላሊቱ የከዳው ሰው ደሙ በሳምንት ሦስቴ በማሽን ይታጠባል። ወይ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ነው፤ ወይ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። እዚያ ኩርባ ላይ አንድ ሹፌር በሽተኛ ይጭን ነበር። መኪናህ ሰው እየጠበቀች ነው።»

ወደ ኋላ ዞራ አየች። ከታች፣ ቅድም ማንም ባልነበረበት የሎሚ ዛፍ ሥር፣ አንዲት ሴት ከደጇ ወጥታ ቆማ መኪናዋን በዓይኗ ትሸኛለች።

ዘቢደር መሪውን ጨብጣ «አቁሚ» አለች።

«ሲስተር! ማይሉ ይሰረዛል!»

ዘቢደር ኤፍራታን አሰበች።  ነገ ግን ልቦናዋ ሊደመሰስ ይችላል፤ ያቺም ሴት ከዛፉ ሥር ከሄደች የት ተብላ ትገኛለች? «አቁሚ» አለች እንደገና፣ ወረደችም። ከኋላዋ የመኪናዋ ድምፅ «ሙከራው ተቋርጧል። ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን» ሲል ሰማች።

ሴትየዋ ሂክማ ትባላለች። ዕድሜዋ አርባ ሊሞላ ነው። ዘቢደርና ፈትሒ ወደ ዛፉ ተመልሰው ሲደርሱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየሰበሰበች በጥርጣሬ አየቻቸው።

«መኪናዋ የናንተ ናት?» አለች። «በአላህ፣ ለምንድነው ደጄ ላይ እየቆመች በር የምትከፍተው? የመጀመሪያ ቀን ፈርቼ ቤቴን ቆለፍኩ። በኋላ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ለማን ልንገር? አበደች ይሉኛል።»

«ማን ትዝ አለሽ፣ ልጄ?» አለች ዘቢደር።

«ጋሽ ደምሰው። ልጅ ሆኜ ኩላሊቴ ሞቶ ነበር። ለእጥበት ሐረር እመላለሳለሁ። ታክሲው ሁሉ ከድሬ ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ማንም አይቆምልኝም ነበር። እሱ ግን አንድ ወንበር ባዶ ትቶ ይመጣል። አራት ዓመት! ሂሳብ ስሰጠው ‹መንገዴ ላይ እኮ ነሽ› ይለኛል። ኋላ ሚኒባስ ቀረ፤ እሱም ቀረ። ወንድሜ በባጃጅ ሲያመላልሰኝ ከርሞ ኩላሊቱን ሰጠኝ። ጋሽ ደምሰውን አመሰግነዋለሁ እንዳልኩ ይኸው ስንት ዓመቴ።»

ፈትሒ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሎ የሹፌሮቹን መዝገብ ሲያገላብጥ ቆየ። «ሹፌር ሠላሳ አንድ» አለ በመጨረሻ። «ደምሰው ወልደሰማያት። ከዚራ ሰፈር። አድራሻቸው እስካሁን አለ።»

ሦስቱ ወደ ድሬ ወረዱ።

ደምሰውን ከዚራ ውስጥ በቤታቸው ግድግዳ ጥላ ሥር ዳማ ሲጫወቱ ነበር ያገኟቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንገታቸው ቀጭን፣ መዳፋቸው ግን እስካሁን ሰፊ ነው። ሂክማ ፊታቸው ቆመች። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«የደንገጎዋ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ብርድ ልብስ ይዛ የምትሳፈረዋ።»

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

«ኖርሽ እንዴ?»

«ኖርኩ።»

ዳማውን የያዘው ሰሌዳ ከጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ለማንሣት የሞከረ የለም። ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ቆዩ። 

«የቀጠሩኝ ሰዎች አንድ ሰኞ ቁልፌን ተቀበሉኝ። በማግሥቱ ማክሰኞ ነው። ልጅቷ እዚያ ቆማ ትጠብቀኛለች አልኩ። ስልክሽን አልያዝኩ፣ ያባትሽን ስም አላውቅ። በእግሬ ልሂድ ብዬ ግማሽ መንገድ ወጥቼ ልቤ ደከመና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ደንገጎን ረግጬ አላውቅም። ሞታለች ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ገድያታለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ልጄ።»

ሂክማ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። «እርስዎ ነዎት ያኖሩኝ» እያለች መዳፋቸውን ሳመች። «እርስዎ ባይቆሙልኝ ወንድሜ ኩላሊት የሚሰጠው ሰው አያገኝም ነበር።» ሽማግሌውም ግንባሯን እየሳሙ «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። ዘቢደር ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። ፈትሒ ጫማውን ያይ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሂክማን ወደ ቤቷ ሲመልሷት ደምሰው ከፊት ተቀመጡ። ስለ ልቦናዋ የነገራቸው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩዋት፤ ማርሽ የላትም ብለው ተቹ። አቀበቱ ሲጀምር ግን ትችቱን ተዉት። በየኩርባው ቀኝ እግራቸው ከፍሬኑ ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ጀመር። ርግብ ከሎሚው ዛፍ ፊት ለፊት ቆማ በሩን ከፈተች።

«አቦ፣ ጎበዝ ናት!» አሉ ሽማግሌው ተደንቀው። «ሹፌር ማለት እንዲህ ነው። ማን አስተማራት?»

ፈትሒ ወደ እሳቸው ዘንበል አለ። «እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ደምሰው።»

ሽማግሌው የመኪናዋን መስኮት በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

በዚያው ቀን ፈትሒ በአስተያየት ቅጹ ላይ «ጉድለት የለባትም» ብሎ በስሙ ጻፈ። ከአለቆቹ ጋር ሁለት ሳምንት ተከራከረ፤ በስተመጨረሻ ልቦናዋ ሳትደመሰስ ተረፈች። የዚያኑ ሐሙስ ማምሻውን ደግሞ ዘቢደር ቤት ድረስ መጣ። የድርጅቱ ሠራተኞችም እያንዳንዳቸው የአንድ ሙከራ ማይል ነበራቸው፤ የራሱን ወደ እሷ አዛውሮታል።

«አይሆንም!» አለች። «ለምን አስበኸው ነበር?»

«ለዛንዚባር። ባሕር ላይ ልተኛ።»

«ታዲያ ሂዳ!»

«ሲስተር፣ እኔ ዛንዚባር ሄጄ ማንን ላርስ ነው?» ብሎ ሳቀ። ዘቢደርም እያለቀሰች ሳቀች። መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች።

ኤፍራታ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ አሥራ ሁለተኛ ቀኑን በያዘ ጠዋት ዘቢደር ሉሳካ ውስጥ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስታስሞቀው ፈትሒ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። መቶ ሹፌሮች አሉ ብዬዎት የለ? እንዴት ጋሽ ደምሰው ብቻ አቆሙ? አልኩ። የድሮውን መዝገብ ከፈትኩት። ‹ጥራጊ› የሚል ክፍል አለው። ከኛ በፊት የነበሩት መሐንዲሶች ልቦናን ሲያስተምሩ ምክንያት የሌለውን ማቆም ሁሉ እየጠረጉ እዚያ ጥለውታል። የደንገጎው እውነተኛ ፌርማታ መስሏቸው ነው ያመለጠው።»

«ስንት ነው የተጣለው?»

«አሥራ አንድ ሺህ ቦታ።»

ዘቢደር ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። 

«አንዱን ላንብብልዎ» አለ ፈትሒ። «ሹፌር ስድሳ ሁለት፣ ከሐረር ወደ ድሬ። ዓርብ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አወዳይ ከተማ ጫፍ ይቆማል። ሞተር ያጠፋል። አራት ደቂቃ ይቆያል። በር አይከፈትም፤ የሚሳፈርም የሚወርድም የለም። ከዚያ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ለማን እንደሆነ ግን የሚናገር ነገር የለም።»

«ሹፌሩ በሕይወት አለ?»

«አለ። ቤቱን አግኝቼዋለሁ።»

«ታዲያ ከኔ ጋር ምን ታወራለህ? ሂድና ጠይቀው።»

«ምን ብዬ ልጀምር፣ ሲስተር?»

«መጀመሪያ አመስግነው።»

«ምን እንዳደረገ ሳላውቅ?»

«ሳታውቅ» አለች ዘቢደር።