ረጅሙ ኳስ ሳይመጣለት

«ረጅሙን እርሺው» አለ ባስልዮስ። «በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ፓርኪንግ ዳር፣ ጥላው ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፍልሰታ ከገባ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ መቅደላዊት ከዚያ ወዲህ ሥጋም ወተትም አልቀመሰችም።

ሰኞ በትምህርት ቤታቸው ፖድካስት ላይ ትናገራለች። ጥያቄው አንድ ነው፦ የዴንቨር የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ካሉት ሦስት ሪሲቨሮች፣ ሮጠው ኳስ ከሚቀበሉት ማለት ነው፣ ወርዋሪው መጀመሪያ ማንን ይፈልግ? ባለፈው ዓመት አንዱን አድንቃ ሳትጨርስ ቡድኑ አሰናበተው። ዓመቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ «ሰላም፣ ኮች» እያሉ ሳቁባት። ዘንድሮም ከተሳሳተች ማይኩ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነግሯታል። ቅዳሜ ጠዋት ታናናሾቿን ስለምትጠብቅ፣ ባስልዮስ የቡድኑን ልምምድ ሄዶ እንዲያይላት ለመነችው።

ከሦስቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ረጅሙ ነው። ባስልዮስ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ።

«ኳሱ ለሱ ሲሆን እንደ ፈረስ ይጋልባል። ለሌላ ሲሆን ይንቀራፈፋል። ተከላካዮቹ ከአሯሯጡ ያውቁበታል፣ ጥለውት ይሄዳሉ። አጭሩ ግን፣ ላይክ፣ ኳስ መጣም አልመጣም ያው ነው።»

መቅደላዊት ደስ አላት። እሱም ሞቅ ብሎት ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት አወራላት። ሆት ዶግ ሊገዛ ተሰልፎ አንድ ጥሩ ኳስ እንዳመለጠውም ነገራት።

ቀና አለች። «ሆት ዶግ?»

የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«በፍልሰታ? አንተ?»

ባስልዮስ እኮ አራተኛ ክፍል እያለ፣ ልደቱ ጾም ላይ ቢውልበት ቅቤ አለበት ብሎ የገዛ ኬኩን አልነካም ያለ ልጅ ነው። ነገሩ አልዋጥላት አለ። ወይ ጾሙን ገድፏል፣ ወይ ጭራሽ አልሄደም። መግደፉን ማመን አቃታት።

ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት የእናቱ መኪና ገብታ ቆመች። እትዬ ጤናዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። ባስልዮስ አያቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልሄድኩም። ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት። በቃ?» አላት።

እትዬ ጤናዬ የጠዋቱ የመዝሙር ጥናት እንዴት እንደነበር ጠየቁት። ጥሩ ነበር አለ። ወደ መቅደላዊት ዞር ብለው ደግሞ፣ «የሰኞውን ላኪልኝ የኔ ልጅ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ እሰማዋለሁ» አሏት።

ሳቅ ለማለት ሞከረች። ግን ተናዳለች። መዝሙር ሲያጠና ውሎ ሊያዋርዳት ነው ማለት ነው።

ቤት ስትገባ የልምምዱን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ አየች፤ ከየትኛው እንደቀዳው ልትይዘው። አላገኘችውም። ካሜራው የሚከተለው ኳሱን ነው። ረጅሙ የሚታየው ኳስ ሲይዝ ብቻ ነው፤ ኳስ ሳይመጣለት ምን እንደሚሠራ አንዱም ላይ የለም። እንደዚህ ያለ ነገር ሜዳው ዳር ካልተቀመጡ አይታይም። ወይ ከራሱ ፈጥሮታል። ግን እንዲህ ያለ ነገር ማን ይፈጥራል?

እሑድ ቅዳሴው መጨረሻ ላይ ልጆቹ ለቁርባን ተሰለፉ። ባስልዮስ በየፍልሰታው ይቆርባል። ዛሬ ግን ከኋላ፣ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆሟል። እናቱ በእጃቸው ሲጠሩት እንዳመመው ሰው ሆዱን ይዞ ራሱን ነቀነቀ።

መቅደላዊት ያን ጊዜ ገባት፤ ጾም የገደፈ አይቆርብም።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ጠበቀችው። አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ የሚያየው ጫማውን ነው። ማጅራቱ ፀሐይ መትቶት ቀልቷል። ትናንት አላየችውም ነበር።

«ሆት ዶጉ መስታርድ ነበረው?» አለችው።

«ነበረው» አለ።

እናቱ መኪናውን አስነስተው ጡሩንባ ነፉለት።

ሰኞ ፖድካስቱን የምትመራው የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ሔቨን የመቅደላዊትን ሐሳብ ሰምታ በጥርጣሬ አየቻት። ሁሉም ረጅሙን ሲል አጭሩን ማስቀደም ምን ይሉታል? ቪዲዮ አላት? የላትም። ራሷ አይታለች? አላየችም።

«ማን አየው ታዲያ? ስም ስጪኝና እንጥራው። ያለዚያ ረጅሙን በይና እንገላገል።»

ስሙ አፏ ላይ ነበር። ስሙን ብትጠራ ሁሉም ያምናታል፤ ባስልዮስ ኳስ እንደሚያውቅ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። እትዬ ጤናዬም ኤርፖርት ቆመው ይሰሙታል። ረጅሙን ብትል ደግሞ ማንም አይስቅባትም።

«ስም የለም» አለች። «እኔ አላየሁም፣ ያየ ሰው አምኜ ነው ብዬ እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ የምትስቁት በኔ ነው።»

«ማይኩም ይሄዳል፣ ኮች።»

«ይሂድ።»

ሔቨን ትከሻዋን ሰብቃ የመቅጃውን ቀይ መብራት አበራች። መቅደላዊት ማይኩን ወደ አፏ ሳብ አደረገችው።

«ረጅሙን ኳስ ሲይዝ ሁላችሁም አይታችሁታል» ብላ ጀመረች። «እኔ የማወራችሁ ኳሱ ሳይመጣለት ስለሚሆነው ነው።»