በሩን ያላለፈው ለቅሶ

ሰር ኦስበርት ከፈረሱ ሲወርድ ወይዘሮ አቭሊንና አራስ ልጇ በአንድ አንሶላ ተሸፍነው ነበር። የንጉሡ የሬሳ መርማሪ ከሆነ ወዲህ በስለትና በዱላ የሞተ ብዙ አይቷል።

«በወሊድ ለሞተች ሴት እኔን ምን አስጠራኝ?» አላቸው ቄሱን።

«የተጠሩት ለርስቱ ነው» አሉ አባ ፉልክ፣ የሚግጡትን የበግ አጥንት ሳያስቀምጡ። «ሕፃኑ አልቅሶ ከሞተ፣ የእናቱ ርስት ባሏ እስኪሞት በባሏ እጅ ይቆያል። ሳያለቅስ ከሞተ ግን ዛሬውኑ ለእህቷ ለሃዊዝ ነው። ለቅሶውንም ከበር ውጭ የቆመ ወንድ መስማት አለበት፤ የሴት ቃል አይቆጠርም።»

«ማን ቆሞ ነበር?»

«እኔና ባልየው ሬናልድ። ከውስጥ አዋላጇና ሃዊዝ ነበሩ። እሱ ሰማሁ ይላል። እኔ የሰማሁት ዝናብ ነው።»

ኦስበርት አንሶላውን ገለጠ። የሕፃኑን ጣቶች አየ፣ እትብቱን አየ፣ በትንሿ ጣቱ አፉን ከፍቶ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የተኛ እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስል ቀስ ብሎ ሸፈነው።

አዋላጇ አልዲት ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ታጥባለች።

«ሞቶ ነው የተወለደው» አለች ቀና ሳትል።

«ሞቶ ሲወለድ እትብቱን እንዴት ታስሪዋለሽ?»

«ለሞተ ምን ይታሰራል ጌታዬ? የሚታሰረው እኮ ደሙ እንዳይፈስ ነው።»

«እሺ» ብሎ ወጣ። ከኋላው የእጥበቱ ድምፅ ቆመ።

ሬናልድ አዳራሹ ውስጥ የጠላ ዋንጫውን ታቅፏል።

«ሰማሁ ነው የምልህ! እንደ በሬ ነው ያገሳው!»

«አራስ ልጅ?»

«ጎበዝ ነበራ!»

ሃዊዝ ሰማያዊ የሱፍ ሻሿን ተከናንባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። «አቭሊንን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እናታችን ስትሞት ገና ዳዴ ትል ነበር። ይህ ሰውዬ የአባታችንን ደን ጨፍጭፎ ሸጠና ገንዘቡን ለአደን ጭልፊትና ውሻ አዋለው። አሁን ደግሞ ያልሰማውን ሰማሁ ይላል።»

ከሰዓት በኋላ ኦስበርት ሁሉንም በሬሳው ዙሪያ ሰበሰበ።

«ሬናልድ ዋሽቷል» ብሎ ጀመረ። «አንድም ነገር አልሰማም።»

ሃዊዝ በረዥሙ ተነፈሰች።

«ሕፃኑ ግን በሕይወት ነው የተወለደው። አልዲት፣ ለሞተ አይታሰርም ብለሽኛል። የዚህ እትብት በጥሩ ክር ታስሯል።»

«እኔ የምኖረው በእነሱ መሬት ነው፣ ጌታዬ» አለች አልዲት።

ኦስበርት መሐረቡን ፈታ። ውስጡ ጣት የማይሞላ የሱፍ ብናኝ ነበር። «ይህን ከጉሮሮው አወጣሁት። የሞተ ልጅ ትንፋሽ አይስብም። እናቱ የለበሰችው ነጭ በፍታ ነው፤ የአልዲት ልብስም ግራጫ ነው። ይህ ሰማያዊ ነው።»

ሁሉም ሻሹን አዩት። ሃዊዝም የሌላ ሰው ይመስል አየችው።

«ልገድለው አልነበረም» አለች። «ጠቁሮ ነው የወጣው። ይህ አይቆይም፣ ለአፍታ ነው አልኩ። በሚሞት ልጅ አንድ ለቅሶ ቤታችን ዕድሜ ልኩን ለዚህ ሰው ከሚቀር... ደረቴ ላይ ያዝኩት። ዝም እንዲል ብቻ። እስኪያርፍ ብቻ።»

«ጥፍሩ የጣቱን ጫፍ አልፏል» አለ ኦስበርት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወሩን የጨረሰ ልጅ ነው። ጠቁረው የሚወለዱ ብዙ ናቸው። ሲያለቅሱ ነው የሚቀሉት።»

ሬናልድ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ስለ ርስቱ ይጠይቃል ብለው ጠበቁት።

«አቭሊንስ?» አለ። «ሰምታዋለች?»

አልዲት ወደ ሃዊዝ ዞረች።

«‹አለቀሰ?› ብላ ጠየቀችኝ» አለች ሃዊዝ። «‹አላለቀሰም› አልኳት። እጇን ዘረጋች። ‹እንግዲያው ስጪኝ፣ እኔው ላሙቀው› አለችኝ።»

«ሰጠሻት?» አለ ሬናልድ።

«እንዴት ልስጣት? ገና ይንቀሳቀስ ነበር።»