በረዶ የያዘው በር

ኖኤሚ ለሦስተኛ ጊዜ በትከሻዋ ገፋችው። የሚኖሩበት መኪና በር ንቅንቅ አላለም። ማታ ፓስታ ስትቀቅል የጣሪያውን መተንፈሻ ስላልከፈተች እንፋሎቱ ሁሉ በበሩ ዙሪያ ባለው የጎማ ጠርዝ ላይ አድሮ ወደ በረዶ ተለውጧል። አባቷ ሬዣን ሁልጊዜ «ከመተኛትሽ በፊት ጎማውን አድርቀሽ፣ በረዶ እንዳይዘው ሻማ ቀቢው» ይላታል። እሷ ግን ሒሳብ ስታጠና እንቅልፍ ጣላት።

ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ዲግሪ ነው። የሒሳብ ፈተናው ሊጀመር ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ካመለጣት ዓመቱን ትደግማለች። አባቷ ማዕድን ማውጫው ውስጥ፣ መሬት ሥር ነው፤ እስከ ማታ በስልክ አይገኝም። የሹፌሩም በር በበረዶ ተይዟል። መስኮቶቹን ደግሞ ራሱ አባቷ ለብርዱ ብሎ ከውጭ በፎም አሽጓቸዋል።

በመስከረም «በረዶ ሳይጥል ቤት እናገኛለን፤ እስከዚያ መኪናው ውስጥ እንኖራለን» ብሏት ነበር። ይኸው ጥር ገባ። ቃሉን ባሰበች ቁጥር ትናደድበታለች፣ ከዚያ ያሳዝናታል፣ ከዚያ እንደገና ትናደዳለች።

ማንቆርቆሪያውን አንስታ የፈላ ውሃ በሩ ሥር ገለበጠች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ወዲያው በረዶ መሥራት ጀመረ። በሩ ይበልጥ ተያዘ።

ስልኳ ጠራ። የክፍል ጓደኛዋ ኦዴሊ ናት።

«የት ነሽ አንቺ? ከእማዬ ጋር በርሽ ላይ ቆመን እየጠበቅንሽ ነው እኮ! ደወሉን ልጫነው?»

ኦዴሊ የቆመችው ኖኤሚ የማታውቃቸው ሰዎች ከሚኖሩበት ሰማያዊ ቤት ፊት ለፊት ነው። ኖኤሚ በየጠዋቱ ቀድማ እየሄደች እዚያ በር ላይ ቤቷ አስመስላ ስትጠብቃቸው አራት ወር ሆናት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት። አሁንም «አሞኛል፣ ሂዱ» ብትል ትችላለች። ፈተናው ይቀራል፣ ሰማያዊው ቤት ይተርፋል።

«አትጫኚው» አለች። «ቤቴ እዚያ አይደለም። ነዳጅ ማደያው ጀርባ ነኝ፣ መኪና ውስጥ። በሩ አልከፈት ብሎኛል።»

ኦዴሊ ስልኩን ዘጋችው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ መኪና ሲቆም፣ ከዚያም በረዶው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«አትሳቢው፣ እጀታው ይሰበራል!» ብላ ጮኸች ኖኤሚ። «ጠርዝ ጠርዙን በመዳፍሽ ምቺው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ተደገፊው። በረዶው ሲሰነጠቅ እኔ እገፋዋለሁ።»

ኦዴሊ መታች፣ ተደገፈች። የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ኖኤሚ ስትገፋው በሩ ከጎማው ቁራጭ ገንጥሎ ተከፈተ። ኦዴሊ ያልተነጠፈውን አልጋና ገመድ ላይ የተሰጣውን የኖኤሚን አባት ካልሲ አየች።

«የገና ስጦታሽን እዚያ በር ላይ አስቀምጬልሽ ነበር» አለች። «‹ደርሶኛል፣ በጣም ያምራል› አልሽኝ።»

«ኦዴሊ...»

«ሹራብ ነበር። ራሴ የሠራሁት።»

ይህን ብላ ወደ እናቷ መኪና ተመለሰችና ከፊት፣ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት። ኖኤሚ ብቻዋን ከኋላ ገባች።

እናትየው በመስታወቱ አየቻት። «ከፈተናው በኋላ የት ላድርስሽ፣ የኔ ልጅ?»

«በእግሬ እሄዳለሁ» የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እዚሁ» አለች።

ኦዴሊ ዞር አላለችም።